«እጮኛዬ ‹ሣሩ ታሟል› ብሎ ሠርጋችንን አራዘመው!»

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱን መጀመሪያ ስናነበው ሳቅን። ደግመን ስናነበው ግን ሳቁ ጠፋ። የልጅቷ ጭንቀት የእውነት ነው፤ የልጁም ነገር እንደሚመስለው ቀልድ አይደለም። ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥተን፣ ትንሽም አሳጥረን እነሆ አቅርበነዋል።

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። እኔ የ26 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረውም የምሠራውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከእጮኛዬ ጋር የተዋወቅነው ኮሌጅ እያለን ነው። እሱ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሜሪላንድ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሥራው የጎልፍ ሜዳ ላይ ሣር ማጨድና መንከባከብ ነው። ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ልኮ ቤተሰቦቼ እሺ አሉ፤ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነሐሴ 24 ቀን እንድንጋባም ቀን ተቆረጠ። የአዳራሽ ቀብድ ከፍያለሁ። እናቴ ጌሾ ሁሉ ገዝታ አስቀምጣለች።

«ሰኔ መጨረሻ ላይ ደወለና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሣሩ ታሟል፤ አለቃዬ ፈቃድ ከልክሎኛል፤ ሠርጉን ወደ ጥር እናዛውረው› አለኝ። ሣር ታሞ ሠርግ ሲቀር በየትኛው አገር ነው የተሰማው? ያውም በክረምት! እዚህ ክረምት ሲገባ ድንጋይ ላይ እንኳ ሣር ይበቅል የለም እንዴ? በዚያ ላይ ድሮ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስደውልለት ያነሳ ነበር፤ አሁን ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሳም። አንድ ቀን ደግሞ ‹ዶላር ስፖት ገብቶብን ስንለፋ ዋልን› አለኝ። ለጓደኛዬ ስነግራት ‹አንቺ ሞኝ፣ ዶላር ስፖት እኮ የናይት ክለብ ስም ነው!› አለችኝ። ስጨቀጭቀው ለማስረጃ ብሎ ፎቶ ላከልኝ፤ ሣር ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ተጋድሟል። ይኼ ምን ማስረጃ ነው? እናቴ ‹ሌላ ይዞ ነው፣ ቀለበቱን መልሺለት› ትላለች። እኔ ደግሞ እወደዋለሁ። እባካችሁ መላ በሉኝ።

«ግራ የገባኝ፣ ከሽሮ ሜዳ»

ውድ እህታችን፣ በቅድሚያ ስለ ናይት ክለቡ እንንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ዶላር ስፖት የጭፈራ ቤት ስም አይደለም። የሣር በሽታ ነው! ስሙን ያገኘውም ሣሩ ላይ የሚተወው የደረቀ ነጥብ የጥንቱን የአሜሪካ የብር ዶላር ሳንቲም ስለሚያህል ነው። በሰሜን አሜሪካ የጎልፍ ሜዳዎች ከማናቸውም የሣር በሽታ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነው። ዶላር ፍለጋ የሄደ ልጅ በዶላር በሽታ መያዙ የሚያስቅ ቢሆንም ውሸት ግን አልነገረሽም።

የተጣላችሁት «ክረምት» በሚለው ቃል ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን። እሱ የሚያወራሽ ስለ ሰመር ነው። ሰመር ከእኛ ክረምት ጋር በአንድ ወቅት ይውላል እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንቺ ሐምሌና ነሐሴን ሹራብ ደርበሽ፣ ጃንጥላ ይዘሽ ታክሲ ስትጠብቂ፣ ዋሽንግተንና አካባቢው ላይ በሐምሌ ቀን ቀን ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሌሊቱ እንኳ 23 አካባቢ ነው። የእነሱ ሌሊት የአዲስ አበባን የክረምት ቀን በሙቀት ይበልጣል ማለት ነው። አየሩ ደግሞ እርጥብ ነው፤ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። የሚገድለውም ይኸው እርጥበትና ሙቀት አንድ ላይ ሲመጡ ነው።

ሣር ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። የጎልፍ ሜዳ ስንል ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን የምናየው አረንጓዴ ምንጣፍ ነው የሚታየን። የዚያ ሁሉ ምንጣፍ ራስና ልብ ግን ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ያለበት «ግሪን» የሚባለው ቦታ ነው። አንድ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ 60 ሄክታር ገደማ ቢሆን፣ ግሪኖቹ ሁሉ ተሰብስበው ከአንድ ሄክታር ብዙም አይበልጡም። የክለቡ ስምና ገንዘብ የተንጠለጠለው ግን በዚችው አንድ ሄክታር ላይ ነው። ሣሩ በየቀኑ ይታጨዳል፤ ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከክብሪት እንጨት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። እንዲህ የሚላጨው ኳሷ ተንሸራታ እንድትሄድ ነው። ተጫዋቾቹ ኳሷ ካልፈጠነች ያኮርፋሉ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ በጎልፍ ግን ጌታ በደንብ ይቆጣል፣ ለሥራ አስኪያጁም ስልክ ይመታል።

እስቲ አስቢው፤ ሣር የሚመገበው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉን ላጭተሽ 3 ሚሊ ሜትር ስታስቀሪለት በልቶ ለማደር ያህል ብቻ ነው የምትተዪለት። በሜሪላንድ ግሪኖች ላይ በብዛት ያለው ቤንትግራስ የሚባለው ሣር ደግሞ የቀዝቃዛ አገር ሣር ነው። የሚስማማው ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ባለው አየር ነው፤ ቢያመጡት የአዲስ አበባን ቀን ይወደው ነበር። ሙቀቱ ከ30 ሲያልፍ ግን የሣሩ ወጪ ከገቢው ይበልጣል። ሙቀቱን ለመቋቋም የሚያቃጥለው ምግብ በፀሐይ ብርሃን ከሚሠራው በላይ ይሆናል። እንደ ደመወዝተኛ ወር ሳይሞላ ተቀማጩን መብላት ይጀምራል። ተቀማጩ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ሥሩ ነው፤ በሚያዝያ ወደ ታች ረዝሞ የነበረው ሥር እየሞተና እያጠረ ሄዶ ነሐሴ ላይ ትንሽ ነገር ብቻ ይቀራል። እንግዲህ በሽታው የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው፤ እንደ ሰው ሁሉ አቅሙ የደከመውን ነው የሚጥለው።

የላከልሽን ፎቶ እንመለስበት። አንቺ «የሸረሪት ድር» ያልሽው ነጭ ነገር በጠዋት፣ ጤዛ ሳይረግፍ የተነሳ ከሆነ የበሽታው ሻጋታ ራሱ ነው። ዶላር ስፖትም እንደዚያ ያለ ስስ ድር በጠዋት ያሳያል፤ ድሩ ወፍሮ እንደ ጥጥ ሆኖ፣ ሥሩ ያለው ሣር ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ከጠቆረ ግን ፒቲየም የሚባለውን ነው የያዘው፤ ሣር ጠባቂዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት እሱን ነው። ፒቲየም በትክክል ፈንገስ አይደለም። የውሃ ሻጋታ ይሉታል፤ እዚህ አገር በክረምት የድንችን ቅጠል አጥቁሮ ከሚያደርቀው በሽታ ጋር ሩቅ ዝምድና አለው። ቀን ከ30 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ ሌሊት ከ20 በታች ካልወረደ፣ ቅጠሉም እርጥብ ሆኖ ካደረ በአንድና በሁለት ሌሊት ሰፊ ሜዳ ሊፈጅ ይችላል። ማታ አረንጓዴ ትተውት የሄዱት ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። በጎርፍ ውሃ ይሄዳል፤ በማጨጃው መኪና ጎማና ምላጭ ላይ ተሳፍሮም ከአንዱ ግሪን ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለዚህ ማጨጃው ታጥቦ ነው የሚያልፈው፤ አንዳንዴም ጨርሶ ማጨድ ይቀራል።

ሌላም አለ። ብራውን ፓች የሚባለው ሣሩ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ያቃጥላል፣ በጠዋት ሲያዩት ክቡ ዙሪያውን ጭስ የመሰለ ጥቁር ቀለበት ይታይበታል። ሰመር ፓች የሚሉት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሥሩ ውስጥ የሚገባው አፈሩ 18 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት አካባቢ ነው፤ ምልክቱ ግን ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ነው የሚወጣው። ያን ጊዜ መድኃኒት ቢረጩበት ምን ዋጋ አለው፣ ካለፈ በኋላ ነው።

መድኃኒቱን ካነሳን አይቀር፣ «ታዲያ ረጭተውት አይተኙም?» ትዪን ይሆናል። ይረጫሉ። ግን አንዱን መድኃኒት ደጋግመው ከረጩት በሽታው ይለምደዋል፤ እኛ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከፋርማሲ እየገዛን የምንውጠው አንቲባዮቲክ እንደሚለመደው ማለት ነው። ዶላር ስፖት በዚህ የታወቀ ነው። (ስሙም አስቸጋሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የተሰጠው የሳይንስ ስም ልክ አልነበረም ተብሎ በ2018 ክላሪሪዲያ ተብሎ ተቀየረ። ሰማንያ ዓመት በተሳሳተ ስም ሲጠራ ኖረ!) ስለዚህ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ የሰው ጉልበት ያስፈልጋል። ያንተ እጮኛ፣ ይቅርታ፣ ያንቺ እጮኛ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የድሃ ክለብ ችግር ነው እንዳትዪ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአትላንታ ኢስት ሌክ በተባለው ክለብ ትልቁ የቱር ቻምፒዮንሺፕ ውድድር ሊካሄድ ሲል የኦገስቱ ሙቀት ግሪኖቹን ክፉኛ ጎዳቸው። የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች መጥተው ታማሚ ግሪን ላይ ተጫወቱ፤ ታይገር ውድስ አሸነፈ። ክለቡ በተከታዩ ዓመት ቤንትግራሱን ነቅሎ ሙቀት የሚወድ ቤርሙዳ ሣር ተከለ። እዚያው ጆርጂያ ውስጥ ያለው ኦገስታ ናሽናል፣ ማስተርስ የሚባለው ውድድር በየዓመቱ አፕሪል ላይ የሚካሄድበት፣ ከግሪኖቹ ሥር አየር የሚስብና የሚነፍስ ቧንቧ አስቀብሯል። ያም ሆኖ በሰመር በሩን ዘግቶ እስከ ኦክቶበር አይከፍትም። ሀብታሙ ክለብ ሣሩን «ዕረፍት ይውሰድ» ይለዋል። የልጁ አለቃ ግን አባላቱ በሐምሌም መጥተው ካልተጫወቱ ክለቡ ምን ይበላል?

ወደ ሜሪላንድ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አካባቢው «የሽግግር ቀጠና» ይባላል። ለቀዝቃዛ አገር ሣር በሰመር በጣም ይሞቃል፤ ለሞቃት አገር ሣር በዊንተር በጣም ይበርዳል። የትኛውንም ብትተክዪ በዓመት አንድ ጊዜ ታለቅሻለሽ። የ2010 እና የ2011 ሰመር በአካባቢው ያሉ ሣር ጠባቂዎች እስከ ዛሬ የሚያወሩት ነው፤ በዋሽንግተን የጁላይ 2011 አማካይ ሙቀት፣ ቀኑና ሌሊቱ ተደምሮ፣ 29 ዲግሪ ነበር። የዩኤስ ኦፕን ውድድር ያን ዓመት ጁን ላይ እዚያው ሜሪላንድ ቤተስዳ፣ ኮንግሬሽናል በተባለው ክለብ ተካሂዷል፤ ግሪኖቹ ግን ከ2009 ውድድር በኋላ ተቆፍረው እንደ አዲስ ተሠርተው ነበር።

በነገራችን ላይ ኢስት ሌክ የተከለው ቤርሙዳ ሣር የሩቅ ዘመዳችን ነው። ዘሩ በመንገድ ዳር፣ በእግር ኳስ ሜዳ፣ አህያ ስትግጠው የምታዪው የእኛው ሰርዶ ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ አሜሪካ ብትሄድ ስንት ዶላር እንደሚወጣበት አይታ ትደነግጥ ነበር። ሰርዶ ሙቀት አይፈራም። ብርድ ሲመጣ ግን ቡናማ ሆኖ ይተኛል፣ አንዳንዱም ይሞታል፤ ለዚህ ነው የሜሪላንድ ክለቦች ሁሉ ነገ ተነስተው ወደ እሱ የማይዞሩት።

አሁን ስለ ስልኩ። ይህን ሰዓት ቁጭ ብለን አስልተነዋል። በሰመር ሜሪላንድ ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። አንቺ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስትደውዪ እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ የምትከረርበት ሰዓት። በዚያን ሰዓት ሣር ጠባቂ የውሃ ጎማ ይዞ ከግሪን ግሪን ይዞራል። የሚያጠጣ እንዳይመስልሽ። ቅጠሉ ላይ ስስ ጭጋግ ያህል ውሃ ይረጭበታል፤ ውሃው ሲተን ሣሩን ያቀዘቅዘዋል፣ እኛ ትኩሳት ላለበት ልጅ ግንባር ላይ እርጥብ ጨርቅ እንደምናደርገው። ትንሽ ካበዛው ውሃው አፈር ውስጥ ይተኛና በፀሐይ ሞቆ ሥሩን ይቀቅለዋል። ትንሽ ካሳነሰው ደግሞ ሣሩ ይጠወልጋል። 18 ግሪን እንዲህ ተዞሮ ሲያልቅ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቃል። በዚህ መሃል ስልክ ካነሳ ነው የሚያስገርመው!

ጠዋትስ? ሥራ የሚጀመረው ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ያ የአንቺ ምሳ ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ጤዛ ማራገፍ ነው። ረጅም ቀርከሃ ወይም ጎማ ይዘው ግሪኑን ይጠርጉታል፤ ምክንያቱም ሻጋታው የሚኖረው በእርጥብ ቅጠል ላይ ነው፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ ከደረቀ አንድ ሰዓት አተረፉ ማለት ነው። ቀጥሎ ማጨድ፣ ጎንበስ ብሎ ነጥብ መፈለግ፣ እርጥበት መለኪያ መሬት ላይ እየሰኩ ማየት። ማታ የሚተኛው ገና ሳይመሽ ነው። በዊንተር ግን ሣሩ ይተኛል፤ ሰዓትም በሽበሽ ነው። ድሮ ስልኩን ያነሳልሽ የነበረው ያኔ ነበር። እንግዲህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሞክሪው፤ እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ከሥራ ወጥቷል። በዚያም ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ካላነሳ ያን ጊዜ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልን።

ፈቃድ መከልከሉም ቢሆን የማይታመን አይደለም። እዚህ አገር የዓመት ፈቃድ በሕግ የተጻፈ መብት ነው፤ አሜሪካ ግን የፌዴራሉ ሕግ አሠሪን የዓመት ፈቃድ ስጥ ብሎ አያስገድደውም። አለቃው ራሱ ሣሩ ከሞተ እንጀራው ይቆረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልምድ ያለውን ሠራተኛ ለሦስት ሳምንት ልቀቅ ማለት፣ ገበሬን በአረም ሰዓት ልጅህን አውሰኝ እንደማለት ነው።

ለእናትሽም እንዲህ ብለሽ ብታስረጃቸው ይሻላል። «ሣር ታሟል» አትበያቸው፤ የሚቀበል እናት የለም። «ሥራው እርሻ ነው፣ አሁን የአረም ሰዓት ነው» በያቸው። ባላገር በነሐሴ ይድራል እንዴ? አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ጥር ላይ ነው የሚድረው። ልጁ ጥር ያለሽ ሳያስበው ይሁን አስቦ አናውቅም እንጂ አያት ቅድመ አያቶቹ የሚሉትን ነው ያለሽ።

እስከዚህ ድረስ ጠበቃ ሆነንለታል። አሁን ግን ከአንቺ ጋር እንቆማለን። ይህ በሽታ ዘንድሮ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ በዚያው ወር ይመጣል። ልጁ ደግሞ እዚያ ሲሠራ የመጀመሪያ ሰመሩ አይደለም። ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ልኮ ነሐሴ 24 ሲል ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሚመስሉ ያውቅ ነበር። ልትጠይቂው የሚገባው ጥያቄ «እውነት ሣሩ ታሟል ወይ?» የሚለው አይደለም፣ ታሟል። «ይህን እያወቅህ ለምን ነሐሴ ብለህ ቀን አስቆረጥህ?» የሚለው ነው። መልሱ ብዙ ነገር ይነግርሻል። «አለቃዬ ያኔ እሺ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ካደኝ» ካለሽ አንድ ነገር ነው። «እምቢ እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው» ካለሽ ደግሞ ሌላ፤ ይሉኝታ ነው፣ ይሉኝታ ያለበት ባል ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያም ያልቻለውን እሺ ሊልብሽ ይችላል። ይህን ተነጋገሩበት። ተቆጥቶ «አታምኚኝም ማለት ነው?» ብሎ ከዘጋው ግን፣ እኛ በበኩላችን ቅር ይለናል።

ሁለተኛ፣ ትኬት። የጥርን ትኬት አሁኑኑ ይቁረጥ። ክለቡም በጥር ሰው አያስፈልገውም፤ ግሪኑ በውርጭ ተኝቶ ነው የሚሆነው። አንድ ነገር ብቻ አጣሪ፤ በብዙ ክለቦች በዊንተር ሥራ ይቀንሳል፣ የሚሰናበትም አለ። ጊዜ ይኖረዋል፣ ደመወዝ ግን ላይኖረው ይችላል። የሠርጉ ወጪ ከዘንድሮ የሰመር ገንዘብ መቀመጥ አለበት ማለት ነው፤ ይህን ከአሁኑ በብር ልክ ተነጋገሩ።

ሦስተኛው ነገር ከሁለቱም ይበልጥብናል። አንቺም እናትሽም ጓደኛሽም ሣሩ ታሞ እንደሆነ ነው የተከራከራችሁት። ልጁስ? ሣሩን የሚጥለው ሙቀት እሱን ምን ያደርገዋል ብሎ የጠየቀ የለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። ሰውነት ለእንዲህ ያለ ሙቀት ቀስ በቀስ፣ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ነው የሚለማመደው፤ ሳምንት ከዚያም በላይ ከሙቀቱ ርቆ ሲመለስ ደግሞ ልማዱ እየጠፋ ይሄዳል። ነሐሴ ላይ መጥቶ አዲስ አበባ ብርድ ላይ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ቢመለስ እንደ አዲስ ሠራተኛ ነበር የሚሆነው፤ ሙቀት ደግሞ አብዝቶ የሚገድለው አዲስ ሠራተኛን ነው።

እንግዲህ ጠይቂው፤ ውሃ ትጠጣለህ ወይ? በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ነው የሚመከረው፣ ሳይጠማ። ጥላ አላችሁ ወይ? ሜሪላንድ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ ሠራተኛን ከሙቀት የሚጠብቅ ደንብ አላት። ሙቀቱና እርጥበቱ ተደምሮ ሰውነት የሚሰማው ሙቀት 90 ፋራናይት፣ ማለትም 32 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በየሁለት ሰዓቱ ቢያንስ 10 ደቂቃ ዕረፍት ግዴታ ነው። 100 ፋራናይት፣ ወደ 38 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ በየሰዓቱ 15 ደቂቃ። ውሃና ጥላ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ብዙ የእኛ ልጆች ይህን አያውቁም፤ ቢያውቁም «ሰነፍ እንዳይሉኝ» ብለው ዝም ይላሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዝለፍለፍ ሲጀምር ሥራውን ትቶ ጥላ ውስጥ ይግባ። ነገር ከተምታታበት፣ አንደበቱ ከተሳሰረ ወይም ራሱን ከሳተ 911 ተደውሎ፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ በቀዝቃዛ ውሃ ማራስ ነው፤ «ትንሽ ይረፍና ይሻለዋል» የሚባል አይደለም።

ፍልሰታንም የሚጾም ከሆነ ይህን አንሺለት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ በዚያ ፀሐይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ለሕይወት ያሰጋል። የነፍስ አባቱን ያማክር። ሥራውንና ሙቀቱን በዝርዝር ይንገራቸው እንጂ «እጾማለሁ» ብቻ ብሎ አይለፍ። መድኃኒት የሚረጨውም እሱ ከሆነ ሥልጠና ወስዶ እንደሆነ፣ ጓንትና መከላከያ እንዳለው ጠይቂው፤ ልብሱንም ከሌላው ልብስ ለይቶ ይጠብ።

እናትሽ ቀለበቱን መልሺ ያሉትን ለጊዜው አቆዪው። ጌሾው እስከ ጥር አይበላሽም፤ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። አዳራሹን በተመለከተ ቀብድ መልሱልኝ ከማለት ቀን ቀይሩልኝ ማለት ይቀላል፤ ብዙዎቹ ገንዘብ ከሚመልሱ ቀን ቢያዛውሩ ይመርጣሉ። የተስማማችሁትን በጽሑፍ ተቀበዪ፣ የዋጋ ልዩነት ካለም አሁኑኑ ይነገርሽ። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች አዳራሽ የሚሻማው ብዙ ነውና ነገ ሳይሆን ዛሬ ደውዪ።